የቤት ዕቃ አያያዝና የቤት አደረጃጀት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በመሃል አዲስ አበባ ያለው ቤት ዓይነቱ ብዙ ነው። አራት ኪሎና ፒያሳ ዙሪያ ኮርኒሳቸው ከፍ ያለ፣ ወለላቸው ጣውላ የሆነ የጭቃ ቤቶች አሁንም አሉ። ልደታና ሰንጋ ተራ ደግሞ ኮንዶሚኒየሙ ይበዛል። ከካዛንቺስና ከፒያሳ ተነስቶ የግቢ ቤት ዕቃውን ይዞ ኮንዶሚኒየም የገባውም ሰው ቀላል አይደለም። ቤቱ ይለያይ እንጂ ጥያቄው ያው ነው። ዕቃውን በብዛት የሚጎዳው ዕድሜ ሳይሆን ውሃ፣ ፀሐይና የችኮላ ግዢ ነው። መልሶቹም በአብዛኛው ወደነዚህ ሦስት ነገሮች ይመለሳሉ።

ክረምት ሲገባ የቁም ሳጥኔ በር አልዘጋ ይላል፣ መሳቢያውም ይጣበቃል። ተበላሽቶ ነው?

አልተበላሸም። እንጨት ከአየሩ እርጥበት ይስባል፣ ሲስብ ያብጣል። የሚያብጠው ደግሞ ወደ ርዝመቱ ሳይሆን ወደ ጎኑ ነው። ለዚህ ነው በሩ ቁመቱ ሳይለወጥ በጎኑ የሚታነቀው። በአዲስ አበባ ዝናቡ የሚበረታው ሐምሌና ነሐሴ ነው። ያን ጊዜ እንቢ ያለ መሳቢያ ጥቅምት ላይ ፀሐይ ሲወጣ በራሱ ይለቃል።

ስለዚህ ነሐሴ ላይ አናጢ ጠርታችሁ በመላጊያ አታስነኩት። በክረምት የተላገ በር በበጋ ሲሟሽሽ ክፍተት ያወጣል፣ ያንን ደግሞ መመለሻ የለውም። ይልቅ መሳቢያውን ጎትታችሁ አውጡት። የሚንሸራተትበትን ሐዲድና የታችኛውን ጠርዝ በነጭ ሻማ እሹት። ሳሙናም ያንሸራትታል፤ ግን እርጥበት ስለሚይዝ ሻማው ይሻላል። ኅዳር ደርሶም ከታነቀ ያኔ ወይ ማጠፊያው ወርዷል፣ ወይ ሳጥኑ ራሱ ዘሟል። አናጢ የሚያስፈልገው ለዚያ ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ለእውነተኛ እንጨት ነው። ከተፈጨ እንጨት በኮላ ተጨምቀው የሚሠሩት ቺፑድና ኤምዲኤፍ ግን ጠርዛቸው ውሃ ጠጥቶ አንዴ ካበጠ ወደነበረበት አይመለስም።

ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ሻጋታ እያወጣ ነው። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ሻጋታው ከየት እንደመጣ እንይ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ወደ ውጭ የዞረው ግድግዳ ሌሊት ይቀዘቅዛል። ከምጣድ፣ ከድስት፣ ከሻወርና ከተሰጣ ልብስ የወጣው እንፋሎት እዚያ ቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ ሲደርስ ውሃ ይሆናል። ቁም ሳጥኑ ግድግዳው ላይ ከተለጠፈ አየር አያልፍም፣ ውሃውም አይደርቅም። ሻጋታው የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር አርቁት። ከተቻለ ወደ ውጭ ካልዞረው ግድግዳ አስጠጉት። እግር ከሌለው ከሥሩ ጣውላ አስገቡለት። እንጀራ በሚጋገርበት ቀን የመኝታ ቤቱን በር ዝጉ፣ የኩሽናውን መስኮት ክፈቱ። በክረምት ጠዋት አየሩ እርጥብ ቢሆንም ፀሐይ ብልጭ ባለች ቁጥር መስኮቱን ከፈት አድርጉ።

የወጣውን ሻጋታ በደረቁ አትጥረጉት፣ ብናኙ ቤቱን ሁሉ ይሞላል። በአቼቶ የራሰ ጨርቅ ለእንጨቱ ይበቃል። ለግድግዳው አንድ እጅ በረኪና በአሥር እጅ ውሃ በጥብጡ። ሁለቱን ግን በፍጹም አትቀላቅሉ። በረኪናና አቼቶ ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። እንዲህ ያለ አደጋ በቤት ውስጥ ይደርሳል፣ ሰው ደግሞ "ሁለቱም ያጸዳል" ብሎ ነው የሚቀላቅለው።

ሻጋታው በየክረምቱ እዚያው ቦታ ላይ የሚመለስ ከሆነ ግን ቀለም መቀባት አይፈታውም። የላይኛው ጎረቤት ቧንቧ ወይም ጣሪያው እያፈሰሰ ሊሆን ስለሚችል ምንጩን አስፈትሹ።

የእንጨት ዕቃ በምን ይወለወል? እናቴ በዘይት ታሽ ነበር።

ቫርኒሽ ለተቀባ ዕቃ ዘይት አያስፈልገውም። ቫርኒሹ እንጨቱን ስለሸፈነው ዘይቱ አይገባም፣ ላዩ ላይ ተቀምጦ አቧራ ይሰበስባል። በደንብ የተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ፣ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ መከተል፣ በቃ። በአዲስ አበባ የበጋ አቧራ ከዚህ በላይ ወሳኙ ነገር በደረቁ አለመፈተግ ነው። አቧራው ደቃቅ አሸዋ አለበት፣ በደረቅ ጨርቅ ሲገፋ ቫርኒሹን ይጭረዋል።

ቫርኒሽ የሌለው እንጨት፣ እንደ በርጩማ ወይም ያልተቀባ ረከቦት ያለው፣ ዘይት ይወዳል። ግን የትኛውን? የኑግ ዘይትና የሱፍ ዘይት ሙሉ በሙሉ ስለማይደርቁ ከጊዜ በኋላ ያጣብቃሉ። የወይራ ዘይት ደግሞ ከናካቴው አይደርቅም፣ ይሸታል። የተልባ ዘይት ነው አየር ሲያገኝ የሚጠነክረው። በጣም ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ ከ20 ደቂቃ በኋላ ትርፉን ጥረጉ፣ ለጥቂት ቀናት አድርቁት። ጨርቁን ግን ጠቅልላችሁ ጥግ እንዳትጥሉት። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፣ የተጠቀለለ ጨርቅ በራሱ ሊነድ ይችላል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁትና ከዚያ ጣሉት።

ጠረጴዛው ላይ የትኩስ ሲኒ ነጭ ክብ ቀረ። ይወጣል?

አብዛኛውን ጊዜ ይወጣል። ነጭ ከሆነ ቫርኒሹ ውስጥ የታሰረ እርጥበት ነው። በነጭ የጥጥ ጨርቅ ሸፍኑትና ካውያውን በዝቅተኛ ሙቀት፣ ያለ እንፋሎት፣ ለጥቂት ሰከንድ አሳርፉበት። አንሱ፣ እዩ፣ ድገሙ። ክቡ እየደበዘዘ ይሄዳል። ጥቁር ከሆነ ግን ውሃው እንጨቱ ድረስ ገብቷል፤ በብርጭቆ ወረቀት ካልተፋቀና እንደገና ቫርኒሽ ካልተቀባ አይለቅም።

ሶፋው ላይ ቡና፣ ወጥ፣ ቅቤ፣ ሻማ... ለሁሉም አንድ መድኃኒት የለም?

የለም፣ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ለሁሉም የሚሠራው አንድ ልማድ ብቻ ነው፦ አትፈትጉ፣ ተጭናችሁ አስመጥጡ፣ ከዳር ወደ መሃል። መጀመሪያ ደግሞ በማይታይ ቦታ ሞክሩ።

ቡና ከፈሰሰ በደረቅ ጨርቅ አስመጥጡት። ቀጥሎ በቀዝቃዛ ውሃ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙናና ትንሽ አቼቶ በጥብጣችሁ በጨርቅ ንኩት። ወተት ካለው ሙቅ ውሃ አታቅርቡ።

ቅቤ የራሱ ታሪክ አለው። ጸጉሯን ቅቤ የተቀባች እንግዳ የተደገፈችበት ቦታ በማግስቱ ጠቁሮ ይታያል። ውሃ ሳታስነኩት በፊት የሕፃን ፓውደር ወይም የበቆሎ ዱቄት ነስንሱበትና አሳድሩት። ጠዋት በብሩሽ አራግፉ። ዱቄቱ ስቡን ጠጥቶ ክብደት ያለው ሆኖ ይነሳል። የቀረውን በፈሳሽ ሳሙና ጨርሱ። እናቶቻችን ሶፋ ላይ የሚያለብሱት ዳንቴል ሥራው ይኸው ነበር፤ አውልቆ ማጠብ ሶፋ ከማጠብ ይቀላል። ዘመናዊ አይደለም ተብሎ መጣሉ ያሳዝነኛል። ዳንቴሉን ካልወደዳችሁት ቀጭን ነጠላ ወይም የሽሮ ሜዳ ጥለት ያለው ጨርቅ መደገፊያው ላይ ጣል አድርጉ።

የአልጫ ወጥ እድፍ ሰውን የሚያስደነግጠው ሳሙና ሲነካው ነው። ቢጫው ድንገት ወደ ቀይ ይዞራል። እርዱ ነው፤ ሳሙና ሲያገኝ ቀለሙ ይለወጣል። አትደንግጡ፣ ወደ በረኪናም አትሩጡ። ዘይቱን በፈሳሽ ሳሙና አውጡ፣ በውሃ አለቅልቁ፣ ከዚያ ፀሐይ አስመቱት። የእርድ ቀለም ብርሃን አይችልም። ልብሱ የሚወልቅ ትራስ ከሆነ በረንዳ ላይ ግማሽ ቀን ይበቃዋል። የቀይ ወጥ በርበሬ ግን ዘይት የያዘ ስለሆነ ቶሎ ካልደረሳችሁለት አስቸጋሪ ነው፤ እዚያም መጀመሪያ ፓውደር፣ ቀጥሎ ሳሙና።

መብራት ሲጠፋ የፈሰሰ ሻማ? በረዶ በላስቲክ አድርጋችሁ አጠንክሩት፣ በማንኪያ ጠርዝ ፈልቅቁት። የቀረውን ላዩ ላይ ነጭ ወረቀት አድርጋችሁ ለብ ባለ ካውያ ንኩት፤ ወረቀቱ ይጠጣዋል።

የገዛሁት "ሌዘር" ሶፋ ይላጣል። ማቆሚያ አለው?

የሚላጥ ከሆነ ቆዳ አይደለም፣ ጨርቅ ላይ የተለጠፈ ሽፋን ነው። ሽፋኑን እርጥበት፣ ሙቀትና የጸጉር ቅባት እያፈረሱት ነው። አንዴ መላጥ ከጀመረ የሚያስቆመው ቅባት የለም፤ የሚሸጥላችሁ ካለ ገንዘባችሁን ያዙ። ውስጡ ደህና ከሆነ ማልበስ ነው። እውነተኛ ቆዳ ግን አይላጥም፣ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። እሱን ከመስኮት አርቁት፣ በዓመት ጥቂት ጊዜ የቆዳ ቅባት ቀቡት።

ከሶፋው እግር ሥር ዱቄት የመሰለ ነገር ይወርዳል።

እንጨት በል ነፍሳት ናቸው። ዱቄቱን ጥረጉትና ቦታውን በምልክት ያዙ። በሳምንቱ አዲስ ዱቄት ካለ በሕይወት አሉ ማለት ነው፤ ከሌለ አሮጌ ቀዳዳ ነው፣ አትጨነቁ። የሶፋ አጥንት ብዙ ጊዜ ከባሕር ዛፍ ይሠራል፣ ነፍሳቱም የሚወዱት ያልደረቀውንና ነጩን የእንጨት ክፍል ነው። የእንጨት ፀረ ነፍሳት መድኃኒት በመርፌ እየወጉ ቀዳዳዎቹን መሙላት፣ ማድረቅ፣ በስቱኮ መድፈን። ይህን ውጭ ወይም በረንዳ ላይ፣ ጓንት አድርጋችሁ ሥሩ። ነጭ ጋዝ የሚያርከፈክፉ ሰዎች አሉ፤ ከሰል የሚነድበት ሳሎን ውስጥ ነጭ ጋዝ የጠጣ ሶፋ ማስቀመጥ አደጋ ነው።

የአያቴ የዋንዛ ቡፌ አለ። ጥቁር ሆኗል፣ አዲሱ ቤት ውስጥም አይገባም። ልሽጠው ወይስ ላሳድሰው?

ይህ ጥያቄ ሲመጣ ልቤ ይነካል፣ ምክንያቱም ብዙ ጥሩ ዕቃ በዚህ መንገድ በርካሽ ሄዷል።

መጀመሪያ ምን እንደያዛችሁ እወቁ። መሳቢያውን ሙሉ በሙሉ አውጡና ውስጡን እዩ። የጎኑና የፊቱ ጣውላ ጥርስ በጥርስ የተጋጠመ ከሆነ የእጅ ሥራ ነው። ጠርዙን ከታች ተመልከቱ፦ የላዩ መስመር ጠርዙ ላይም ከቀጠለ እውነተኛ ጣውላ ነው፤ ንብርብር ከታየ ኮምፔርሳቶ ነው፤ እንደ ተጠቀጠቀ ሰጋቱራ ከሆነ ቺፑድ ነው። ቀጥሎ የአንዱን እጀታ ብሎን ፍቱ። እጀታው ሥር ያለው ትንሽ ክብ ብርሃንም እጅም አልነካውም። የድሮው የቡፌው ቀለም እዚያ አለ፣ ብዙ ጊዜም ሞቅ ያለ ቀላ ያለ ቡናማ ነው። በላዩ ያለው ጥቁረት የተደራረበ ቫርኒሽ፣ የዕጣንና የከሰል ጭስ ነው።

ዋንዛ ለአናጢ የተመቸ እንጨት ነው። በቀላሉ ይላጋል፣ በቶሎ አይዘምም፣ ነፍሳትንም ይቋቋማል። ዛሬ ደግሞ እንደልብ አይገኝም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛ፣ ጽድ፣ ዝግባና ኮሶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። የአያታችሁን ቡፌ በገንዘቡ ልተካ ብትሉ የምታገኙት በአብዛኛው ኤምዲኤፍ ነው።

ስለዚህ የኔ ምክር አሳድሱት ነው። ቡፌው ብዙ ጊዜ ሁለት አካል ነው፦ ከላይ የመስታወቱ፣ ከታች የመሳቢያው። ለያዩት። የታችኛው ብቻውን የቴሌቪዥን ማስቀመጫ ይሆናል፤ ቁመቱ ልክ ነው፣ ሽቦውም ከኋላው ይደበቃል። የመስታወቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የመጻሕፍት ወይም የሲኒ መደርደሪያ ይሆናል። ለማሳደስ አናጢውን እንዲህ በሉት፦ በማሽን አትፋቀው፣ በብርጭቆ ወረቀት በመስመሩ አቅጣጫ ብቻ ፋቅ፣ ከሻካራው ወደ ለስላሳው ሂድ፣ የሚያብረቀርቅ ሳይሆን ደብዘዝ ያለ ቫርኒሽ ቀባ። የላላ እግር ካለ ምስማር አይመታበት። አሮጌው ኮላ ተፍቆ በአዲስ ኮላ ይጣበቅ፣ እስኪደርቅ ታስሮ ይደር። ምስማር የገባበት መጋጠሚያ ይሰነጠቃል፣ ሁለተኛ አይጠገንም።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት በየጎኑ ፎቶ አንሱት። እጀታዎቹንና ቁልፉን እናንተ ጋ አስቀምጡ፤ ወርክሾፕ ውስጥ የሚጠፋው ነገር እሱ ነው።

አዲስ ሶፋ ላዘዝ ነው። ቀብድ ከመክፈሌ በፊት ምን ልጠይቅ?

ጨርቁን ከመምረጣችሁ በፊት አጥንቱን ጠይቁ። እንጨቱ ምንድን ነው? ደርቋል ወይ? ከመልበሱ በፊት መጥቼ ላየው እችላለሁ ወይ? ጥሩ ሠሪ በደስታ "ና እይ" ይላል። እርጥብ እንጨት ከመልበሱ በፊት በእጅ ሲነካ ይቀዘቅዛል፣ ይከብዳልም።

ቀጥሎ ስፖንጁ። መቀመጫው ላይ የሚገባው ስፖንጅ ክብደቱ በሜትር ኩብ ወደ 30 ኪሎ ግራም ወይም ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል። ቀለል ያለው ለመደገፊያ ይሆናል፣ ለመቀመጫ ግን ቶሎ ይጎደጉዳል። ልብሱ ዚፕ ይኑረው፣ ይወልቅ። ይህን አንድ ነገር ብቻ ብታስጨምሩ ለዓመታት ታመሰግኑኛላችሁ።

የተስማማችሁትን ልክ፣ የእንጨቱን ዓይነት፣ የስፖንጁንና የጨርቁን ዓይነት፣ ቀኑንና ዋጋውን ወረቀት ላይ አስፍሩ። ቀብድ ስትከፍሉ ያው ወረቀት ላይ ይፈረም።

ከሁሉም በፊት ግን ደረጃችሁን ለኩ። ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ኤል ሼፕ ሶፋ የሚታነቀው ቤቱ ውስጥ አይደለም፣ የደረጃው መታጠፊያ ላይ ነው። የመግቢያ በሩን፣ የደረጃውን ስፋትና የመታጠፊያውን ቁመት ለኩና ለሠሪው ስጡ። ተፈታቶ የሚገጣጠም አድርጎ ይሠራላችኋል።

ሳሎኔ ጠባብ ነው። ዕቃውን እንዴት ልደርድር?

ሜትር ያዙ። ክፍሉን በወረቀት ላይ ሣሉት፤ በሩ ወዴት እንደሚከፈት፣ ሶኬቱ፣ መስኮቱ ይግባበት። ከዚያ ሊገዛ የታሰበውን ሶፋ በልኩ ወለሉ ላይ በፕላስተር ወይም በጋዜጣ አስምሩት። ለሁለት ቀን እንዲሁ ኑሩበት፣ በመስመሩ አትለፉ። የሚከለክላችሁን ነገር ወዲያው ታዩታላችሁ።

ልክ ልስጣችሁ። ሰው የሚመላለስበት መንገድ 80 ሴንቲ ሜትር ቢኖረው ጥሩ ነው፣ ከ60 አይነስ። በሶፋና በጠረጴዛው መካከል ከ40 እስከ 45። የምግብ ጠረጴዛ ላይ ለአንድ ሰው 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት፤ ወንበሩ ወደ ኋላ እንዲጎተት 75 ያህል።

እኛ ጋ ሳሎን የሚለካው በበዓል ቀን ነው። ለገና፣ ለፋሲካ፣ ለልደት የሚመጣው ሰው ሁሉ ይቀመጥ ብለን ዓመቱን ሙሉ ሰባት ሰው በሚይዝ ሶፋ መሃል እንሾልካለን። ይህ ልክ አይመስለኝም። ለቤተሰቡ የሚበቃ ሶፋ ግዙ፣ ለእንግዳ በርጩማ ያዙ። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ የጅማ በርጩማ ጥግ ላይ ሲቀመጥ ጌጥ ነው፣ እንግዳ ሲመጣ መቀመጫ ነው፣ በመሃሉ የሲኒ ማስቀመጫ ይሆናል።

የቡና ቦታ ያስፈልጋል?

ያስፈልጋል፣ ከመጀመሪያውም ይታሰብ። ሳሎኑ ዕቅድ ውስጥ ቡናው ካልገባ በኋላ በግድ ይገባል፤ ያኔ ከሰሉ ከመጋረጃው ሥር፣ ትኩሱ ጀበና ከምንጣፉ ላይ ይሆናል። በግምት አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ቦታ፣ ከመስኮት አጠገብ፣ ከመጋረጃና ከምንጣፍ ርቆ ይኑረው። ወለሉ ሊሾ ወይም ሴራሚክ ከሆነ ችግር የለም። የጣውላ ወለል ላይ ግን ርጥብ ቄጠማ በቀጥታ አይጎዝጎዝ፤ ከሥሩ ላስቲክ አንጥፉ፣ ሲያልቅ ወዲያው አንሱ። ያደረ ቄጠማ ጣውላውን ያጠቁራል።

ከሰሉ በረንዳ ላይ ይያያዝ፣ ጭሱ ሲያልቅ ይግባ፣ መስኮት ይከፈት። በክረምት ብርዱን ፈርቶ ሁሉን ዘግቶ ከሰል ማንደድ ሰው ይገድላል። ጭስ የለውም ማለት ጋዝ የለውም ማለት አይደለም። ለዕጣኑም እንደዚሁ አየር ይኑር፤ ዕጣን የሚጨስበት ማዕዘን ላይ ያለው ኮርኒስ በዓመት ውስጥ ይጠቁራል።

ግድግዳውን ምን ቀለም ልቀባ?

የጭቃ ቤት ከሆነ መጀመሪያ ስለ ቀለሙ ዓይነት እናውራ። የጭቃ ግድግዳ እርጥበት ይጠጣል፣ መልሶም ይተፋል። የዘይት ቀለም ወይም ወፍራም ፕላስቲክ ቀለም ከተቀባ መውጫ ያጣል። ቀለሙ ይቦረቅቃል፣ ከሥሩ ልስኑን ይዞ ይወርዳል። ኖራ ወይም የውሃ ቀለም አየር ያሳልፋል። የፒያሳ አሮጌ ቤቶች በኖራ የኖሩት ያለ ምክንያት አይደለም።

ወደ ቀለሙ ስንመጣ፦ ትንሿን ቆርቆሮ ገዝታችሁ ግድግዳው ላይ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ቀቡ፣ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ በመብራት እዩት። ሱቅ ውስጥ ክሬም የነበረው ሰሜን ዞር ባለ ክፍል ውስጥ ግራጫ ሊመስል ይችላል። አንድ ሊትር ቀለም ለአንድ ዙር በግምት 10 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፤ ሁለት ዙር ስለሚያስፈልግ ያንን አስቡና ግዙ። ሁሉንም ባንድ ጊዜ ግዙ፤ በሌላ ቀን የተበጠበጠ ቀለም ልክ አይመጣም።

መጋረጃውና ሶፋው ቶሎ ይገረጣሉ። ጨርቁ መጥፎ ስለሆነ ነው?

ጨርቁም ሊሆን ይችላል፣ ፀሐዩ ግን ድርሻ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በየ1,000 ሜትሩ ቀለም የሚያገረጣው ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ፀሐዩ የበረታ አይመስለንም እንጂ ይበረታል። ምዕራብ የዞረ መስኮት ላይ ስስ ነጭ መጋረጃ ከሥር፣ ወፍራሙ ከላይ ይሁን። ቀን ነጩ ተዘግቶ ይዋል። የጨርቁ ስፋት የዘንጉን ሁለት እጥፍ ይሁን፣ ዘንጉም ከመስኮቱ በላይ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በሁለቱም ጎን ይውጣ። መስኮቱ ትልቅ ይመስላል፣ ሲከፈትም ብርሃኑን አይጋርድም።

መብራቱስ?

መሃል ኮርኒስ ላይ ያለው አንድ ነጭ አምፖል ብቻውን ፊትን ያገረጣል፣ ጥግን ያጨልማል። ካርቶኑ ላይ 2,700 ወይም 3,000 ኬልቪን የሚለውን ለሳሎንና ለመኝታ ቤት ውሰዱ፣ ብርሃኑ ሞቅ ያለ ነው። 6,500 የሚለው ለኩሽና ይሁን። ከሶፋው ጎን አንድ የቁም መብራት ጨምሩ። ልዩነቱ ከዋጋው በላይ ነው።

ባህላዊ ዕቃ በምን ይጠበቃል?

መሶብ ከስንደዶና ከአክርማ የሚሰፋ ሣር ነው። ውሃ አይንካው። በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ይጠረግ፣ ከተበላበት በኋላ ውስጡን ጥላ ላይ አየር ይምታው። ቀለሙ በፀሐይ ስለሚበር መስኮት ፊት አይቀመጥ። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ስፌትም ያው ነው። ሱፍ ነክ ነገር ካላችሁ፣ የመንዝ ባና ወይም የሱፍ ምንጣፍ፣ ብል ይወደዋል። ግንቦት ላይ፣ ክረምት ሳይገባ፣ ፀሐይ አስመቱት፣ በሁለቱም በኩል አራግፉ። ጋቢና ቡሉኮ ጥጥ ስለሆኑ ብል እምብዛም አይነካቸውም፤ እርጥብ ሆነው እንዳይታጠፉ ብቻ ተጠንቀቁ።

ገንዘቤ ትንሽ ነው። ከምን ልጀምር?

ከፍራሽ። እንግዳ አያየውም፣ ጀርባችሁ ግን በየሌሊቱ ያየዋል። ቀጥሎ ውሃ የሚያስገባውን ማስጠገን፣ ከዚያ ቀለምና መብራት። ሶፋ መጨረሻ ይምጣ። እስከዚያው ምንጣፍ፣ መከዳና በርጩማ ቤት ያስመስላሉ። ባዶ ጥግ ካለ ባዶ ይሁን፤ በዚያ ቤት አንድ ዓመት ኑሩና ጥጉ ምን እንደሚፈልግ ታውቃላችሁ።

የማልፈልገውን ዕቃ ለቆራሌው ልስጠው?

የተሰበረ ብረትና ፕላስቲክ ይውሰድ፣ መርካቶ ምናለሽ ተራ ደርሶ ሌላ ነገር ይሆናል። እንጨቱን ግን ቸኩላችሁ አታስጭኑ። ከላይ እንዳልኩት መሳቢያውን አውጡ፣ ጠርዙን እዩ፣ አንድ አናጢ ጠርታችሁ አሳዩ። እውነተኛ ጣውላ ከሆነ እናንተ ባትፈልጉትም አናጢው ራሱ ለእንጨቱ ብሎ ከቆራሌው የተሻለ ይከፍላል። ከመስጠታችሁ በፊት መሳቢያዎቹን ከሥራቸው ገልብጡ፤ አሮጌ ፎቶ፣ የቤት ካርታና የልደት ወረቀት ከመሳቢያው ጀርባ ወድቆ ለዓመታት ይቀመጣል።